የመሂታብል ጃንዋሪ

«መቼ ነው የሞተችው?» አለች መርማሪ ኢኔስ ፉርታዶ፣ ማስታወሻዋን እየገለጠች።

«በ1741፣ በፈንጣጣ» አለ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ኦሪን ዊክስ።

ኢኔስ ቀና ብላ አየችው። «እኔ የምጠይቅዎ ደረጃው ሥር ስለወደቀችው ሴት ነው።»

የኦሪን ፊት ቀላ። «ይቅርታ፣ መሂታብልን ያሉኝ መስሎኝ። ኢዲትን ያገኘኋት ዛሬ ጠዋት ነው።»

ኢዲት ታክስተር የሰው ዘር ሐረግ ስትፈትሽ የኖረች አሮጊት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ የደከመችው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በዚህችው የማሳቹሴትስ ከተማ ስለኖረችው ስለ ካፒቴን ፔክ ሚስት፣ ስለ መሂታብል ነበር። አሁን ራሷ ተፈንክቶ ምድር ቤት ተጋድማለች። ጠረጴዛዋ ላይ ፊርማ የሌለው፣ የታተመ ወረቀት አለ፦

«ተሳስቼ ነበር። መሂታብል ያገባችው በጃንዋሪ 1711፣ የወለደችው በኖቬምበር 1711 ነው። ልጁ የካፒቴን ፔክ ነው።»

ያን ጠዋት ከኦሪን ሌላ እዚያ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የፔክ ዘሮች ማኅበር ሊቀመንበር ሎይስ ፔክ፣ እና ወንድሟ ጎርደን፣ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው።

«ቅዳሜ የመሂታብልን ሐውልት እናቆማለን» አለች ሎይስ። «እናቴ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበረች፤ አያቴም። ኢዲት ደግሞ ባለፈው ሳምንት መጥታ ‹የካፒቴኑ ዘር አይደላችሁም› ትለኛለች! ደግነቱ ሳትሞት ስህተቷን አረመች።»

«ድንጋዩ ደርሷል?»

«እሱን ይጠይቁት! ለአንድ ሠርግ ሁለት ዓመት ደርድሮበት ቁጭ ብሏል።»

«ኢዲት ያዘዘችኝን ነው የቀረጽኩት» አለ ጎርደን። «ላስረዳሽ ስል መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ፣ እህት ዓለም?»

«አንተ ከመዶሻህ ጋር ተነጋገር።»

ኢኔስ የጋብቻ መዝገቡን አስመጣች። ገጾቹን በቀስታ ገለጠች፤ ከዚያ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«እዚህ ከዲሴምበር 1711 ቀጥሎ የተጻፈው ጃንዋሪ 1711 ነው» አለች። «በመሂታብል ዘመን አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች ነበር። ስለዚህ ያ ጃንዋሪ የመጣው ከኖቬምበሩ በኋላ ነው። ልጁ ሲወለድ ሠርጉ ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። አይደለም፣ ሚስተር ዊክስ?»

«ነው» አለ ኦሪን። «ካፒቴኑም እዚህ አገር የደረሰው በዲሴምበር ነው።»

«ኢዲት ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ወረቀቱን የጻፈችው እሷ አይደለችም። ሚስተር ዊክስም አይስቱትም። ሚስተር ፔክ ደግሞ 1711ንና 1712ን ጎን ለጎን የቀረጹት የድሮውንም የዛሬውንም አቆጣጠር ስለሚያውቁ ነው። ሁለቱ ዓመቶች ስህተት የመሰሉት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ጎርደን ወደ እህቱ ዞረ። «ሎይስ?»

ሎይስ እጆቿን ታያለች። «እጅጌዋን ነው የያዝኩት» አለች። «‹እስከ ቅዳሜ ብቻ ዝም በይ› አልኳት። እጇን መንጭቃ ስታስለቅቅ ከደረጃው ወደቀች።»

«ከዚያስ?» አለች ኢኔስ።

«ታቃስት ነበር። እኔ… ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ጻፍኩ።»

ኢኔስ ሎይስን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ ጎርደን ድንጋዩን ብቻውን ተከለ። ሁለቱም ዓመቶች አሉበት፤ የልጁ አባት ተብሎ የተቀረጸውን የካፒቴን ፔክን ስም ግን በመሮ ፍቆታል።