የአንገቴ ካሳ

ወንድሜ ክንዱ ስመኘውን በዱላ የሰበረው ሲያንቀኝ ያየ መስሎት ነው። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን እመታ ነበር። አንድ ጎረምሳ ከእህትህ ኋላ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ጉሮሮዋ ላይ አድርጎ «ዋጪ! ደግመሽ ዋጪ!» ሲል ብታይ ምን ታደርጋለህ?

ክንዱ ከቡሬ ገጠር በሶ ይዞልኝ ፍኖተ ሰላም፣ ልምምድ የምንሠራበት ሜዳ መምጣቱ ነበር። በሶው መሬት ላይ ተበተነ። የመጀመሪያው ዱላ የስመኘው ግራ እጅ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ራሱን ፈነከተው። ሦስተኛውን ሲያነሳ ድንጋይ አንስቼ የገዛ ወንድሜ ግንባር ላይ አሳረፍኩበት።

«አያ ክንዱ፣ ሐኪም ነው! አንገቴን እየመረመረ ነው!»

«ደምሽን እየቀዳ ያከሳሽ እሱ ነዋ!» ብሎ ጭራሽ ባሰበት። ሰው ተረባርቦ ያዘው።

ስመኘው ጤና መኮንን ነው። ጉሮሮ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን ሩጫ ምን እንደሚያደርገው ሊያጠና፣ አሥራ ሁለት ሳምንት የእኛን የሯጮቹን ደም ሲወስድ ከረመ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ክንዴን ስሰጠው ከመርፌው ይልቅ ዓይኑ ያስደነግጠኝ ነበር።

ደሙ ፊቱን ሸፍኖት እንኳ አላረፈም። «ያምሮት፣ እሑድ አትሮጪም» አለኝ።

«እየደማህም ታዛለህ?»

«የሌሎቹ ሆርሞን በሩጫው ትንሽ ከፍ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። ያንቺ ግን ከልክ አልፏል፤ ተኝተሽም አያርፍም። እንዲህ ሆነሽ ከሮጥሽ ልብሽ...» አልጨረሰውም፤ ራሱን ሳተ።

እሑድ የባሕር ዳር ክለብ ሯጭ የሚመርጥበት ቀን ነበር። ስድስት ዓመት የለፋሁላት እሑድ! እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይደልቃል፤ ከጉጉት ነው እያልኩ አልፈው ነበር። «እሮጣለሁ! ብሞት የምሞተው እኔ!» አልኩ።

ዓርብ ሽማግሌ ተቀመጠ። ስመኘው እጁ በጀሶ ታስሮ፣ ራሱ ተሰፍቶ መጣ። ክንዱ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ልጄ፣ ካሳህን ተናገር» አሉ መሪጌታ ላቀው። «ክንዱ የጠየቅኸውን አንድ ነገር ሊሰጥህ ምሏል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደሚጠይቅ ማን ያጣዋል? እናቴ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ ነበር። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ጠብቄ ነበር።

ስመኘው አየኝ።

«የኔታ፣ ገንዘብም በሬም አልፈልግም። ያምሮት ታክማ ዳነች እስክትባል ድረስ አትሩጥ። ካሳዬ ይኸው ነው።»

ዘልዬ በጥፊ አጮልኩት። በሽማግሌ ፊት! «እግሬን ነው የምትጠይቀው? ሌላ የምትጠይቀው አጣህ?»

«አላጣሁም» አለ፣ ጉንጩን እንኳ ሳይዳስስ። «የተፈቀደልኝ አንድ ብቻ ነው።»

እሑድ ክንዱ መሐላውን ሊጠብቅ በሩን ከውጭ ዘግቶ ዱላውን ይዞ ደጄ ላይ ተቀመጠ። በሩን በእርግጫ ስመታ፣ ስሳደብ፣ ሳለቅስ ዋልኩ።

ከዚያ መድኃኒት መዋጥ ጀመርኩ። በየወሩ ደሜን የሚወስደው ስመኘው ነው። ስድስት ወር አኩርፌ አንድ ቃል አልተናገርኩትም። የተሰበረው እጁ ጠመም ብሎ ነው የገጠመው፤ መርፌ ይዞ ሲቸገር ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። በሰባተኛው ወር ማኩረፉ ደከመኝ።

ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ ያከመኝ ሐኪም «ድነሻል፤ ሩጪ» አለኝ። የዚያኑ ቀን ሜዳውን አራቴ ዞርኩና ስመኘው ፊት ቆምኩ። ያንን ጠማማ እጁን ይዤ ጉሮሮዬ ላይ አኖርኩት።

«ካሳህ አለቀ» አልኩት። «አሁን ያኔ ያልጠየቅኸውን ጠይቅ።»

ዞር ብሎ መንገዱን አየ። «ክንዱ ቢመጣስ?»

«ይምጣ። ድንጋይ እንደሆነ ሞልቷል።»