ዝናቡ የሁለቱ ብቻ ነው

«በሠርግሽ ቀን እንዲህ ያለ ነገር! እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለች ኢንስፔክተር ሸዋገነት፣ ቬሎ ለብሳ ደረጃው ላይ የምታለቅሰውን ልጅ ትከሻዋን ይዛ።

«ኧረ እኔ ሙሽራ አይደለሁም» አለች ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች። «ተዋናይ ነኝ፤ ናዝራዊት እባላለሁ። የሞተው ዳይሬክተራችን ነው።»

ሸዋገነት አፈረች። የፍቅር ኮሜዲ አንድም አያመልጣትም፤ ይህን ግን ለባልደረቦቿ ነግራ አታውቅም።

ዳይሬክተሩ የኋላሸት የነቀምቴው ሆቴል ግቢ ውስጥ ወድቆ ተገኝቷል። ማለዳ የካሜራ ቦታ ሊመርጥ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር። የጣሪያው ጠርዝ ርሷል፤ አጠገቡ ጥቁር ባልዲ ተገልብጧል። «አንሸራቶት ነው» አሉ ብዙዎቹ። ሸዋገነት ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ አየች። ሶሉ ደረቅ ነው።

ፖሊሶቹ ዋናውን ተዋናይ ኦብሳን በካቴና ይዘውታል። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲናነቅ ሰው ሁሉ አይቶታል።

«ያ ዋቃ! ተጣላሁ እንጂ ገደልኩ?»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዝናቡ ነዋ፣ አዴ! በበጋ ዝናብ ከየት ይምጣ? ከጣሪያ በባልዲ ያስደፋብናል። ንጹሕ ውሃ ካሜራ ላይ አይታይም ብሎ ደግሞ ወተት ቀላቀለበት። እኔና ናዝራዊት ተቃቅፈን እርጎ ልንሆን ነበር። ፀጉሬን አሽትቺው እስኪ!»

አላሸተተችውም።

ሦስተኛው ተዋናይ ጋሩማ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ተቀምጧል።

«አካም ቡልተን፣ አዴ» አለ፣ በአክብሮት ተነሥቶ የማለዳ ሰላምታ እየሰጣት።

«አንተም ዝናቡ መትቶሃል?»

«እኔ?» ሳቀ። «እኔ እኮ ሙሽራዋ ጥላው የምትሄደው ሙሽራ ነኝ። ዝናቡ የሁለቱ ብቻ ነው። እነሱ ውጭ ሲሳሳሙ እኔ እዚህ ደረቅ አዳራሽ ውስጥ ኬክ ይዤ ይሳቅብኛል።»

«ጣሪያውስ ላይ ወጥተሃል?»

«ምን ልሠራ?»

ሸዋገነት የሱሪውን ጫፍ ለአፍታ አይታ ወጣች።

ረፋዱ ላይ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የኋላሸት አላንሸራተተውም» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ጣሪያው ርሶ ጫማው ደረቅ ነው። ውኃው የፈሰሰው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። የገፋው ሰው አደጋ ለማስመሰል ከትናንት የተረፈውን ባልዲ ደፋ። ያ ሰው ግን ባልዲው ውስጥ ወተት እንዳለ አላወቀም። ውኃ ደርቆ ይጠፋል፤ ወተት ምልክቱን ይተዋል። ጣሪያው ላይ ዝንብ ሰፍሯል።»

«እኛ እናውቅ ነበር» አለች ናዝራዊት።

«እናንተ ትናንት ጠግባችሁታል። በእነዚህ ፊልሞች ግን ሁሌም አንድ ሰው ዝናብ አይነካውም። ሁለቱ እንደሚጣመሩ ከመጀመሪያው እናውቃለን፤ ደስ የሚለንም እሱ ነው። እነሱ እንዲጣመሩ ሌላው ይጣላል። እሱም ደረቅ ሆኖ ይቀራል።» ወደ ጋሩማ ዞረች። «አንተ ዝናቡ አልነካኝም፣ ጣሪያም አልወጣሁም ብለሃል። ታዲያ ሱሪህ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ ከየት መጣ?»

ጋሩማ ጎንበስ ብሎ አየው። ሊያራግፈው እንኳን አልሞከረም።

«ሲሬ ከተማ ሙሽራዬ በሠርጌ ቀን ጥላኝ ስትሄድ የኋላሸት ሚዜዬ ነበር» አለ። «ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ። የሰማኝ እሱ ብቻ ነው። ያልኩትን ቃል በቃል ፊልም ላይ አስገባው። ‹መጨረሻ ላይ ሙሽራዋ ትመለስልሃለች› ብሎ አባብሎ ያንኑ ቃል በገዛ አፌ አስባለኝ። ካሜራ የያዙት ሳቁ። ትናንት መጨረሻውን ቀየረው፤ የእነሱ ሚዜ ሆኜ አጨብጭብ አለኝ። ዛሬ ማለዳ ጣሪያው ላይ ‹ሰው ይወድሃል፣ ታስቃለህ› ሲለኝ ገፋሁት።»

«ይቆጭሃል?»

«ሳቁን ማቆም ነበር የፈለግሁት፣ አዴ። አሁን ፊልሙን ማን ይጨርሰው?»

ካቴናው ከኦብሳ እጅ ወጥቶ ጋሩማ እጅ ላይ ገባ።

ፊልሙን ካሜራማኑ ጨረሰው። በፋሲካ ነቀምቴ ውስጥ ታየ፤ ሙሽራው ኬክ ይዞ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ላይ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።