አርባ ቀን የለበሱት ጋሻ

ፈትለወርቅ የዋቅጅራን ቅልጥም በመዶሻ ስትመታ ይህ ሦስት መቶ ሰባተኛው ምቷ ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ንፍሮ ይቅማል።

«አመመህ?»

«ምኑ?»

«መዶሻው ነዋ!»

«መታሽኝ እንዴ?» አለና አንዲት ፍሬ ባቄላ ወደ ላይ ወረወረ። ባቄላዋ ጣሪያው አጠገብ ደርሳ፣ ጥቂት አመንትታ፣ እያዘገመች ወርዳ አፉ ውስጥ ገባች። በምዕራፍ ከተማ ነገር ሁሉ ሲወድቅ እንዲህ ነው፤ ጨረቃ ላይ ለመውደቅም ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ምዕራፍ ከጨረቃ ወለል በታች፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ቦርቡሮት በሄደው ዋሻ ውስጥ የተቆረቆረች የቁፋሮ ከተማ ናት። አምስት ሺህ ሰው ይኖርባታል። ሠላሳው አስተዳዳሪ ነው፤ የቀረው ቆፋሪ፣ ጠጋኝና አብሳይ። ከዋሻዎቿ ሁሉ የሰፋውን ነዋሪው ጃንሜዳ ብሎ ሰይሞታል። በዓመት አንድ ቀን፣ በልደት በዓል፣ ቆፋሪና አስተዳዳሪ የገና ዱላቸውን ይዘው እዚያ ይገጥማሉ። ኳሷ፣ ሩሯ፣ ጣሪያ ነክታ እስክትመለስ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አስነጥሶ «ይማርህ» ይባላል።

ችግሩ፣ ጨረቃ ላይ የዱላ ክብደት ቢቀልም ምቱ አይቀልም። አጥንት ግን ይቀላል። አሥር ዓመት እዚህ የኖረ ሰው ቅልጥሙ እንደ ሸምበቆ ይሳሳል። ዓምና የአንዱ አስተዳዳሪ ዱላ ሩሯን ስታ ዋቅጅራን አገኘችውና ግራ እግሩ ለሁለት ተሰበረ። አራት ወር ተኛ። የከተማዋ ዋና አስተዳዳሪ አቶ ሰብስቤም ትእዛዝ አወጡ፤ ተጫዋች ሁሉ አስተማማኝ የእግር መከላከያ ካልለበሰ የገና ጨዋታ ከእንግዲህ ይቅር።

ቆፋሪው ይህን ሲሰማ እህል አልበላም። ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀን አስተዳዳሪ ያለው ይሆናል። ተጨማሪ ፈረቃ ሲባል እሺ ነው፤ የውሃ ድርሻ ሲቀነስም እሺ ነው። በዚያች በአንዷ ቀን ግን የአለቃ ቅልጥምና የቆፋሪ ቅልጥም እኩል ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የአባቶች ቃል ከምድር ሲመጡ ከአጥንታቸው ጋር ይዘውት የመጡት ነው። እሷም ከቀረች በምዕራፍ ሰው ሆነው የሚውሉበት ቀን አይኖርም።

ፈትለወርቅ አሥራ አምስት ዓመት የቆፋሪዎችን የአየር ልብስ ጉልበት ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። ማንም ሳይጠይቃት፣ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

ሠራችውም። ስሙን ቅልጥም-ጋሻ አለችው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን የሚጠለቅ ስስ ጨርቅ ነው፤ በድርቡ መካከል የሚዘዋወረውን ዝልግልግ ፈሳሽ ሠራተኛው ተልባ ይለዋል። ተልባው እንዲሁ ሲሆን ይለሰልሳል፤ ምት ሲመጣ ድንጋይ ይሆናል። ብልሃቱ ግን ምቱ ሳይደርስ መጠንከሩ ነው። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ጋሻ በአካባቢው ያለው ሌላ ጋሻ የማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የለባሹን ትንፋሽና ጅማቱ ለእግሩ የሚልከውንም መልእክት ቀድሞ ያደምጣል። ሰውየው «እግሬን ላንሳ» ብሎ ሳይጨርስ ጋሻው አንስቶለታል።

ይህን ለመማር ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፈትለወርቅ ከሁለቱም ወገን ተጫዋች ለተባለ ሁሉ ጋሻውን አድላ «አርባ ቀን ከሱሪያችሁ ሥር ልበሱት፤ ሥራ ቦታም፣ ምግብ አዳራሽም፣ ስብሰባም። እግራችሁን ይልመድ» ብላ አዘዘች። ለበሱት። ስህተቱም ያኔ ተሠራ።

ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው የሙከራ ግጥሚያ ተደረገ። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። ዱላ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ጠው ይላል እንጂ የሚጮህ የለም። ዋቅጅራ የተሰበረች እግሩን ሆን ብሎ እየደቀነ ይሳለቃል። ከዚያ አቶ ሰብስቤ ሩሯን አገኙ።

ስልሳ ዓመት የሞላቸው፣ ወፈር ያሉ ሰው ናቸው፤ ሩጫቸው የሚያስፈራ አልነበረም። ሰባት እርምጃ ያህል ሲጠጓቸው ግን የመጀመሪያው ቆፋሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለተኛውም ቆመ። ዋቅጅራ ዱላውን እንዳነሳ ጉልበቱ ተቆልፎ እንደ ምሰሶ ተገተረ። አቶ ሰብስቤ በአምስት ቆፋሪዎች መካከል፣ በአጀብ መካከል እንደሚያልፍ ሹም፣ ዘና ብለው አልፈው አገቡ።

«አስረውናል!» ብሎ ጮኸ ዋቅጅራ፣ እግሩ ሲፈታለት። «ፈትሌ፣ ጋሻሽ ውስጥ ትእዛዝ ከተውበታል! እግሬን በገዛ ሱሪዬ አሰሩኝ!»

ፈትለወርቅ ደሟ ፈላ። የአሥራ አንድ ወር ልፋቷን ሰው ገብቶ አበላሽቶባታል። በማግስቱ ጧት ወርክሾፗን ዘግታ የዋቅጅራን ጋሻ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ትዝታውን መስመር በመስመር አበጠረችው። ከውጭ የገባ ትእዛዝ ፈለገች። የለም። የተነካ ስፌት ፈለገች። የለም። ወደ መጀመሪያው ቀን ተመለሰች።

የመጀመሪያው ቀን፣ ምሳ ሰዓት፣ ምግብ አዳራሽ። አቶ ሰብስቤ በበሩ ገቡ። ዋቅጅራ ብድግ አለ። ጉልበቱ ቀጥ፣ ትንፋሹ ጸጥ፤ እስኪያልፉ አሥራ አንድ ሰከንድ እንደዚያው። ሁለተኛው ቀን በኮሪደር፣ ሦስተኛው ቀን በስብሰባ፣ ሁሌም እንዲሁ። በአርባኛው ቀን ጋሻው ትምህርቱን ጨርሷል፤ ሰብስቤ ሲመጡ ይህ እግር ምን እንደሚፈልግ ከዋቅጅራ ቀድሞ ያውቃል።

የሌሎቹንም አየች። ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ አስገረማት። ለጉልበታቸው ብለው ጋሻ ላጠለቁት ለአሮጊቷ አብሳይ ለእማማ ድንቄም ሁሉም ይነሳሉ፤ ያኔ ግን ጉልበታቸው ተነስቶ ወዲያው ይላላል፣ ትንፋሻቸውም አይቆምም። ጋሻው አክብሮትንና ፍርሃትን ለይቶ መዝግቧል። ሰዎቹ ራሳቸው ለይተውት አያውቁም ነበር።

በሩ ተከፈተ። አቶ ሰብስቤ ናቸው።

«ኖር!» አለች ፈትለወርቅ፤ ቆማለች። መቼ እንደተነሳች አታውቅም።

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጪ። እህሳ፣ ማን አሰራቸው?»

የደበቀችው የለም፤ ያገኘችውን ሁሉ ነገረቻቸው። አቶ ሰብስቤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«አጥንት ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«እንግዲያው መከላከያሽ ፈተናውን አልፏል። አስተማማኝ ነው ብለሽ ፈርሚበትና እንጫወት።»

«ትዝታውን ሰርዤ እንደገና ላላምደው። አርባ ቀን ይስጡኝ።»

«ገና አርባ ቀን ይጠብቅሻል?»

አይጠብቅም። ትዝታው የተሰረዘ ጋሻ ደግሞ ተራ ሹራብ ነው። ወይ እንደ ምሰሶ ቆመው ይጫወታሉ፤ ወይ ጨዋታው ይቀራል።

«ቆፋሪዎቹ ይህን ቢሰሙ ዝም አይሉም» አለች።

«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ብለው፣ በተረታቸው ራሳቸው ተደስተው ወጡ።

ፈትለወርቅ ተናደደች። በጣም የተናደደችው ግን በሰብስቤ አልነበረም፤ ሳታስበው ብድግ ባለችው በራሷ ነበር። የዚያኑ ቀን ቆፋሪዎቹን በምሳ እረፍታቸው ሰብስባ እውነቱን ነገረቻቸው። ዋቅጅራ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ለሰው መነሳት ነውር ነው እንዴ? አባቴ ያሳደገኝ እንደዚያ ነው።»

«ለእማማ ድንቄ ስትነሳ ጋሻህ አልቆለፈህም» አለችው። «ማንም አላሰረንም ዋቅጅራ። ጋሻው እኛን አይቶ ነው የተማረው።»

አንዳንዱ ሱሪውን ሰቅሎ እግሩን ያይ ነበር፣ የሌላ ሰው እግር የሚያይ ይመስል።

በበዓሉ ቀን ጃንሜዳ ጢም አለ። አስተዳዳሪዎች ጋሻቸውን አጥልቀው ተሰለፉ። ከቆፋሪዎች ወገን መጀመሪያ የገባችው ፈትለወርቅ ነበረች፤ የታመመ ሰው ተክታ። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላለች። ባዶ እግሯን ናት። ከኋላዋ ዋቅጅራ፣ እሱም ባዶ እግሩን፣ የዓምናው ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌሎቹም ተከተሉ። ዋቅጅራን እንኳ «አንተ ተው» ብላው ነበር፤ «አንድ ጊዜ የተሰበረ አጥንት ምን ይፈራል» አላት።

አቶ ሰብስቤ እጃቸውን አነሱ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ጋሻ የሌለው አይጫወትም።»

«ጋሻውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ፈትለወርቅ፣ ድምፅዋ ዋሻውን እየሞላው። «አልፈርምበትም። እግራችን ቢሰበርም የኛው ነው። ይቆጡ እንደሆነ ይቆጡ፤ ዛሬ ግን ምን ቀን እንደሆነ ያውቃሉ።»

አምስት ሺህ ሰው ያያል። ሰውየው ወግ አዋቂ ነኝ ባይ ናቸው፤ በየዓመቱ በዓሉን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። አሁን ጨዋታውን ቢከለክሉ በገና ቀን የተቆጡ የመጀመሪያው ጌታ ሊባሉ ነው። አመነቱ። ከዳር አንድ ቀጭን ድምፅ ግጥም አወረደ፤

«አቶ ሰብስቤ ሆይ፣ ሰብስብ እግርህን፣
ሩር አታነብም የማዕረግ ስምህን!»

ዋሻው በሙሉ ተቀበለው። በሦስተኛው ዙር አቶ ሰብስቤ ፊታቸው ቀልቶ ጎንበስ አሉና ጋሻቸውን አወለቁ። የቀሩት አስተዳዳሪዎችም፣ እየተያዩ፣ አወለቁ።

ጨዋታው ተጀመረ። ዱላ ሲያርፍ አሁን ሰው ይጮህ ጀመር። ይገርማል፣ መጮህ ሲጀመር ሁሉም ዱላውን ዝቅ አድርጎ መያዝ ጀመረ።

ከዚያ ሩሯ ወደ አቶ ሰብስቤ ሄደች፤ እሳቸውም እየገፉ ቀጥታ ወደ ፈትለወርቅ መጡ። ሰባት እርምጃ ሲቀራቸው ጉልበቷ ቀጥ አለ።

እግሯን አየችው። ባዶ ነው። ጋሻ የለም፣ ተልባም የለም። ጉልበቷ ግን ተቆልፏል፤ ትንፋሿ ቆሟል፤ ያቺ «ኖር» የምትል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። አምስት እርምጃ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጨርቁን ስትፈትሽ ኖራለች፤ መፈተሽ የነበረበት ከጨርቁ ሥር ያለው ነው። ሦስት እርምጃ። «አሁንስ ማን ይዞኝ ነው?» አለች በልቧ፤ ንዴቷ ከእግር ጥፍሯ ተነሳ። ጉልበቷን እንደ ዛገ ማጠፊያ፣ በግድ፣ አጠፈችው። ዱላዋን አዙራ ለቀቀችው።

ሩሯ ወደ ጣሪያው ተተኮሰች። የዱላዋ ጫፍ መንገዱን ቀጥሎ የአቶ ሰብስቤን ቅልጥም አገኘው።

አወዳደቃቸው ረጅም ነበር። አምስት ሺህ ሰው ዋና አስተዳዳሪው እያዘገሙ ወደ መሬት ሲወርዱ አፉን ከፍቶ ተመለከተ። ቅልጥማቸውን ይዘው ተቀመጡ። አልተሰበረም፤ ግን አሟቸዋል፤ እንደ ማንም ሰው አሟቸዋል።

«በገና ጨዋታ…» ብሎ ጀመረ ዋቅጅራ፤ የሚጨርስለት አጣ።

ሰብስቤ ተቆጥተዋል። ፈትለወርቅ ቁጣውን ከዓይናቸው አየችው፤ አልሸሸችውም። ዙሪያቸውን ቃኙ፤ የሚያነሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። የዋቅጅራ እግር ሳያዘው አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያ ራሱ አስቆመው።

የመጣ የለም። አቶ ሰብስቤ መዳፋቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ የገዛ ጉልበታቸውን አጠፉ፤ ቀስ ብለውም ብድግ አሉና ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«በእግዜር» አለቻቸው ፈትለወርቅ። «በእግዜር፣ አቶ ሰብስቤ። ይቀመጡ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ በምዕራፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዋቅጅራ ሰብስቤ ራሳቸው ናቸው ይላል፤ ፈትለወርቅ አይደሉም ትላለች። ያኔ ግን ጊዜ አልነበራትም። ሩሯ ከጣሪያው ተመልሳ እየወረደች ነበር፤ እሷም ጉልበቷን አጥፋ ጠበቀቻት።