የእማማ ጃሙና ዘጠኝ ሺህ

ሄትቪ ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ቃላቱ ግን አልተለወጡም።

«አይነበብም እንዴ?» አሉ አያቷ እማማ ጃሙና። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከቤታቸው ከሱራት ከተማ በሻንጣ ይዘውት የመጡትን የአብሽ ቂጣ አቻር በሚባለው የኮመጠጠ የማንጎ ማባያ እያራሱ ይበላሉ። ቂጣው አራተኛ ቀኑን ስለያዘ ደርቋል። የመርከቡን ምግብ ማን ነክቶት እንደሚሠራ አይታወቅም ብለው አንድም ቀን አልቀመሱትም።

«ይነበባል እማማ። ነገ ጠዋት ሙምባይ እንደርሳለን ይላል።»

«እሱንማ ካፒቴኑም ሲለፈልፍ ሰምቼዋለሁ። ሌላስ?»

ሄትቪን ያስጨነቃት ሌላው ነበር። በበሩ ሥር የገባው ደብዳቤ፣ በካርድዎ ላይ የሞላንልዎ የስጦታ ሒሳብ የሚያገለግለው እዚሁ መርከብ ላይ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ማታ አራት ሰዓት ካልተጠቀሙበት ይሰረዛል፤ በጥሬ ገንዘብ አይመለስም ይላል።

ስጦታው ዘጠኝ ሺህ ሩፒ ነው። ጉዞውን የያዙት የሄትቪ አጎት ጋሽ ማንሱክ ናቸው። መርከቡ ሰባ ዓመት ላለፋቸው መንገደኞች ስጦታ እንደሚሰጥ ሲሰሙ፣ ጉዞውን በእናታቸው በእማማ ጃሙና ስም አስመዘገቡ። በመጀመሪያው ቀን ካርዱን ሰው ሁሉ እያየ አስረከቧቸው። «እማዬ፣ ይኼ የራስሽ ነው። እንደፈለግሽ አድርጊው» አሉ። በዙሪያቸው የቆሙት ሱራታውያን አጨበጨቡ።

እማማ ካርዱን ሳሪያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ወገባቸው ላይ እንደሁልጊዜው የቤቱ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል፤ የጓዳው፣ የቁም ሳጥኑ፣ የጸሎት ክፍሉ። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ቤት ቁልፍ ባሕር ላይ ምን ይሠራል ቢባሉም አልፈቱትም። አራት ቀን ሙሉ ከካርዱ ላይ አንዲት ሩፒ አላወጡም። ጠዋት ጠዋት እየወረዱ እንግዳ መቀበያው ጋ ያለችውን ልጅ ይጠይቃሉ። «አለ?» «አለ አያቴ፣ ዘጠኝ ሺህ።» ጥጃዋ በሰላም ማደሯን አይታ እንደምትመለስ ሴት ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ።

ምክንያቱን የነገሩት ለሄትቪ ብቻ ነው። «ስንወርድ ብሩን ተቀብዬ እናትሽን አስይዛታለሁ። ባቭናጋር ሄዳ አባቷን ትያቸው። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

የእናቷ አባት ግማሽ ጎናቸው ከደነዘዘ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ጋሽ ማንሱክና እሳቸው ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ጭነት ጨርቅ ተጣልተው፣ ከዚያ ወዲህ የባቭናጋር ስም በቤቱ ውስጥ አይነሳም። የሄትቪ አባት የሚሠራው በወንድሙ ሱቅ ነው፤ አሁንም ሱቁ እንዳይዘጋ ብሎ ከጉዞው ቀርቷል። ቤተሰቡ በአንድ ማዕድ ይበላል፣ የሚለብሰውም አያጣም፤ ገንዘቡ ግን በጋሽ ማንሱክ እጅ ነው። አብራቸው የተሳፈረችው እናቷ ኒሩፓ ለአውቶቡስ መጠየቅ ማለት ጠቡን መቀስቀስ ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ አልጠየቀችም።

ሄትቪ የደብዳቤውን ቀሪ ነገረቻቸው። እማማ መጀመሪያ ሳቁ።

«የእኔን ገንዘብ ማን አባቱ ነው የሚሰርዘው?»

ተያይዘው እንግዳ መቀበያው ጋ ወረዱ። ልጅቷ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነው አያቴ። ይቅርታ። ሕጉ ነው።»

«እሺ፣ ወርቅ ስጪኝ» አሉ እማማ። «ወርቅ ገንዘብ ነው። ሱራት ወስጄ እሸጠዋለሁ።»

«ሱቃችን ያለው ወርቅ ቅብ ነው።»

«ቅብ!» እማማ ልጅቷን ሳይሆን መርከቡን ገላመጡት። ከዚያ የሳሪያቸውን ቋጠሮ ፈተው ካርዱን አዩት። ፊታቸው ሲጠቁር ሄትቪ አየች። ማንበብ የምትችለው እሷ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ከካርዱ ጋር የተሰጠውን መመሪያ ሳታነበው መሳቢያ ውስጥ የከተተችውም እሷው ነች።

የጋሽ ማንሱክ ልጅ ድሩቪን ደረጃው ላይ አገኛት። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከእሷ በሁለት ዓመት ይበልጣል። እናቱ ባሕሩ ስላዞራት ከክፍሏ ስለማትወጣ፣ አራት ቀን ሙሉ ተቆጪ አጥቶ ተዝናንቷል።

«ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የተኮማተርሽው?»

ሄትቪ ለማን እንደሆነ ሳትናገር፣ የእማማ ብር ሊቃጠል እንደሆነ ብቻ ነገረችው።

«ፋራ ነሽ እንዴ? ቀላል ነው» አለ ድሩቪን። «እዚህ በጥሬ ብር ምንም አይሸጥም አይደል? ሰዉ ኪሱ ውስጥ ያለው ብር ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የእኛ ደግሞ ከመርከቡ ሲወርድ ይሞታል። አንቺ በካርዱ ቡናቸውን ትከፍያለሽ፣ እነሱ ብሩን ይሰጡሻል። አለቀ።»

«ሼም ነው። አላውቃቸውም እኮ።»

«የሱራት ልጅ ሆነሽ ንግድ ታፍሪያለሽ? እኔ አጠገብሽ ነኝ ባክሽ!»

ሄትቪ ዘዴውን ነግራቸው እማማ ካርዱን ሲሰጧት እጃቸው ለቀቅ፣ መልሶ ያዝ አደረገው። በኋላ ለቀቀው።

ቡና ቤቱ በላይኛው ወለል ላይ ነው። ሄትቪ ኮፍያ ወዳደረገ ሰውዬ ቀረበች። «ጋሼ፣ ሒሳብዎን በእኔ ካርድ ልክፈልልዎትና…» ሳትጨርስ ሰውየው ቦርሳውን በክንዱ ሸፈነ። «ሂጂ ልጄ። እንዲህ ዓይነት ማጭበርበር አውቃለሁ።» ዞር ስትል ድሩቪን አጠገቧ አልነበረም፤ አምስት ጠረጴዛ ርቆ የባሕሩን ፎቶ ያነሳል።

ሁለተኛዋ ፀጉሯን ያሳጠረች በዕድሜ የገፋች ሴትዮ ነበረች፤ ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጣለች። እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። «አንቺ ልጅ፣ ብልህ ነሽ» አለችና ጮክ ብላ ሳቀች። ሄትቪ ሁለት ቡናና ሁለት ኬክ በእማማ ካርድ ከፈለች። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ አንድ የአምስት መቶ ሩፒ ኖት አውጥታ፣ አጥፋ እጇ ውስጥ አደረገችላት።

አምስት መቶ! ሄትቪ ስትቆጥረው፣ እንዲህ ዓይነት አሥራ ሰባት ሰው ይቀራታል። እስከ አራት ሰዓት ጊዜ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሄትቪ።»

ጋሽ ማንሱክ ከኋላዋ ቆመዋል። አጠገባቸው ያ ባለ ኮፍያው ሰውዬ አለ።

«ደንበኛዬ ናቸው» አሉ ጋሽ ማንሱክ፣ ቀስ ብለው። ቀስ ሲሉ ነው የሚያስፈሩት። «የማንሱክ ወንድም ልጅ መርከብ ላይ ትለምናለች ሲሉኝ፣ ተሳስተዋል ብዬ ተከራክሬ ነው የመጣሁት።»

«እየለመንኩ አይደለም…»

«ድሩቪን! አንተስ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ድሩቪን ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እኔ? እሷን ልፈልጋት ነው የመጣሁት፣ አባዬ። ምን እንደምትሠራ አላውቅም።»

ሄትቪ አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

እራት ላይ እናቷ፣ እማማና ድሩቪን ተቀምጠው ሳለ ጋሽ ማንሱክ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩት። «ምን አጥታ ነው? እስቲ ትናገር። በቤቴ ምን ጎደለባት?»

ሄትቪ እማማን አየቻቸው። እማማ አንገታቸውን ደፍተው የወገባቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። ልጅ ሆና ያ ሁሉ ቁልፍ የእማማ ስለሆነ፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የእማማ ይመስላት ነበር። አሁን ስትቆጥራቸው የገንዘቡ መሳቢያ ቁልፍ በመካከላቸው የለም። እማማ የሚናገሩ መስሏት ጠበቀች። እማማ ግን ወደሚቀጥለው ቁልፍ አለፉ።

እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ልጄ፣ ምን ጎድሎሽ ነው? ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?» ድምፅዋ ተሰብሯል። ጥፋቱን ሁሉ የራሷ አድርጋ ወስዳዋለች። ከቁጣው ሁሉ ይበልጥ ሄትቪን ያቃጠላት ይሄ ነው።

«ይልቅ» አሉ ጋሽ ማንሱክ፣ «ይኼ ብር የሚሰረዝ ከሆነ ለእኔ መንገር ነው። ኑ።»

መመገቢያው አዳራሽ በር ላይ የመርከቡ ፎቶ ሻጭ አለ። ሲሳፈሩ የተነሱት የቤተሰብ ፎቶ ትልቅ ሆኖ፣ በወርቅማ ፍሬም ተሰቅሏል። ጋሽ ማንሱክ መሐል ላይ ደረታቸውን ነፍተዋል። እናቷ ዳር ነች፤ የድሩቪን ትከሻ ግማሽ ፊቷን ጋርዶታል።

«ስንት ነው?»

«ስምንት ሺህ አምስት መቶ።»

«ስምንት እናድርገውና በቀረው ቸኮሌት ጨምርበት» ብለው ተከራከሩ። አሸነፉም። ሰው ከት ብሎ ሳቀ።

«ካርዱ በእናትዎ ስም ስለሆነ እሳቸው መፈረም አለባቸው» አለ ሻጩ።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። እስክሪብቶውን ተቀብለው ቆዩ። ሄትቪ በልቧ «እምቢ በሉ፣ እምቢ በሉ» አለች። እማማ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ዐይናቸው ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ተማሪ እያንዳንዷን ፊደል እየጎተቱ ስማቸውን ጻፉ።

ወደ ጠረጴዛው ሲመለሱ ጋሽ ማንሱክ ቀለል ብሏቸው ነበር። «አንቺ ደግሞ ያንን አምስት መቶ ሂጂና መልሺ። የሰው ብር ይዘን አንወርድም።»

ሄትቪ ሴትዮዋን አዳራሹ ጥግ ላይ አገኘቻት። ብሩን ዘረጋችላት። «አጎቴ መልሺ ብለውኝ ነው።»

«ምኑን ነው የምትመልሺው?» አለች ሴትዮዋ። «ቡናውን ጠጥተነዋል። ኬኩም የለም፤ ይቺ ጓደኛዬ የእኔንም በልታብኛለች። ሸጥሽልን፣ ገዛን። ብሩ የአንቺ ነው።»

ሄትቪ የተመለሰችው በዝግታ ነው። መንገዱ ግን አጭር ነበር።

«መለስሽ?» አሉ ጋሽ ማንሱክ።

አዎ ብትል ያበቃል። ኖቱ መዳፏ ውስጥ ተጣጥፎ አይታይም።

«አልቀበልም አለች። ቡናውን ጠጥተነዋል አለችኝ።»

«እንግዲያው ወዲህ በይው።» እጃቸውን ዘረጉ። የአባቷ የሥራ ዋጋ ሁሉ የገባበት ሰፊ መዳፍ ነው። በቤታቸው ማንም ይህ እጅ ሲዘረጋ ባዶውን አልመለሰውም።

ሄትቪ እጁን አለፈችው። ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳ ኖቱን ከእናቷ ሳህን ጠርዝ ሥር አኖረችው።

«ይኼ የእማዬ ነው» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ሆነባት። «ለባቭናጋር።»

የእማማ ቁልፎች መንሿሿታቸውን አቆሙ። ድሩቪን ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። እናቷ ኖቱን አየች፣ እማማን አየች፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ገባት።

ጋሽ ማንሱክ ኖቱን አዩት። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

«አምስት መቶ መሄጃ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መመለሻውስ?»

አሥራ ሰባቱም ሰዎች፣ ዘጠኙም ሺህ የሉም። ከጀርባዋ ወርቅማው ፍሬም ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

እናቷ ኖቱን አላነሳችውም። ግን ሳህኗን በጣቷ ትንሽ ገፋ አድርጋ፣ ኖቱን ሙሉ በሙሉ ሸፈነችው።

ሄትቪ ከድሩቪን አጠገብ የነበረውን ወንበሯን ጎትታ አመጣችና ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።