የካምቢዮው ጩኸት

«ርገጪው! እስከ ታች ርገጪው እንጂ!» የብርጓል ጮኸች።

መሪውን የያዘችው ሸዋዬ ግን ፍሪሲዮኑን በጫማዋ ጫፍ ነካ ብቻ አድርጋ፣ መኪናዋ ገና ወደ ፊት እየተንከባለለች ሳለ ማርሹን ወደ ኋላ ማርሽ ጎተተችው። ከወለሉ ሥር ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ወጣ። ነጯ ፒክአፕ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች። ከሐይቁ ደንገል ተሸክመው ይመጡ የነበሩ ሰውዬ እንኳ ሸክማቸውን ሳያወርዱ ዞረው ተመለከቱ።

ሸዋዬ ሳቀች። «አታካብጂ ባክሽ! ትንሽ ነው የጮኸችው።»

የብርጓል ደሟ ፈላ። ምን ያስቃታል? መኪናዋ የመሥሪያ ቤት ናት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሸዋዬ አባት ጓድ አንዳርጋቸው ናቸው፤ ሾፌሩ ደግሞ የየብርጓል አባት አቶ አስናቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ አቶ አስናቀ ምሳቸውን በልተው ጋደም ሲሉ ቁልፉን ለልጃቸው ይሰጣሉ፤ እሷም መኪናዋን ሐይቁ ዳር ታጥባለች። ሸዋዬ ሳምንቱን ሙሉ «አንዴ ብቻ፣ በናትሽ፣ አንዴ ብቻ» ስትል ሰንብታ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣች ቀን አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ የብርጓል እምቢ ብላት አታውቅም፤ ዛሬም አላለችም።

የብርጓል መንዳት ትችላለች። አባቷ ከመሸንቲ ወዲህ ባለው ሜዳ አስተምረዋታል፤ ያውም በቁጣ። «ማርሽ በጉልበት አይገባም!» ይሏት ነበር። «ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጪ፤ ትንፋሽ ያህል ጠብቂ፤ ከዚያ በሁለት ጣትሽ ግፊው። ሲገባልሽ እጅሽን አንሺ፤ የእጅ መደገፊያ አይደለም፣ ውስጥ ውስጡን ይበላል። እግርሽንም ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሺ። የኋላ ማርሽ ደግሞ መኪናው ቀጥ ብሎ ካልቆመ በቀር እንዳትነኪው፤ ካምቢዮው ይፈጫል!» ይህን ሁሉ ለሸዋዬ ነግራት ነበር። ግን ማን ይሰማል!

መኪናዋን ወደ ቦታዋ የመለሰቻት የብርጓል ናት። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ እጇ ላይ እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ ነገር ተሰማት። ምናልባት ነገ ይተወዋል ብላ አጥባ፣ አድርቃ፣ ቁልፉን ለአባቷ መለሰች።

አልተወውም። ሰኞ ዕለት አቶ አስናቀ የምርጥ ዘር ጆንያ ጭነው ወደ መሸንቲ ሲወጡ ካምቢዮው መንገድ ላይ ነከሰ። መኪናዋ በትራክተር ተጎትታ ተመለሰች። መካኒኩ ፈቶ ሲያየው የማርሾቹ ጥርስ ረግፎ ዘይቱ በብረት ፍቅፋቂ ጠቁሯል። መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ገበሬው ዘር ይጠብቃል፣ ክረምቱ ደርሷል። ከሰዓት በኋላ ላይ ግቢው ውስጥ አንድ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ይዞር ጀመር፦ አሻጥር። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው አልጋው ላይ ማደሩን እንጃ! ስንቱ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ እንደወጣ ቀርቷል።

ያን ዕለት ማታ አቶ አስናቀ እራት አልቀመሱም።

«የብርጓል፣ ቅዳሜ ቁልፉን ለሰው ሰጥተሽ ነበር?»

«ኧረ አልሰጠሁም፣ አባባ!»

ቀና ብለው አዩዋት፤ ሌላም አልጠየቁ። ያን ጊዜ በጥፊ ቢሏት በተሻላት ነበር።

ቅዳሜ የሠራተኛው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነው። ያጠፋ ሰው በሁሉ ፊት ቆሞ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል። አቶ አስናቀ ሐሙስ ማታ ግድግዳው ፊት ቆመው መለማመድ ጀመሩ። «እኔ ጓድ አስናቀ፣ የሕዝብን ንብረት በቸልተኝነት...» ይሉና ይደናቀፋሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና «እኔ ጓድ አስናቀ...» ይላሉ። የብርጓል ጓዳ ሆና ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የማይነቃነቁ ሰው፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ይቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው በፎሌ የሚለቁትን ሾፌሮች «ማርሽ ይዘህ ውረድ!» እያሉ የሚጣሉ ሰው ቸልተኛ! በሸዋዬ ተናደደች፤ በራሷ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ሸዋዬን ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

«አበድሽ? ጠይቆኝ መኪናዋን ነክቻትም አላውቅ አልኩት እኮ!»

«አባቴን ሊያስሩት ነው፣ ሸዋዬ!»

«ማን አባቱ ያስረዋል? ግለ ሂሱን ያደርጋል፣ አለቀ። ሁሉም ያደርግ የለ? እኔን ግን አባቴ ይገለኛል።» ክንዷን መንጭቃ አስለቀቀች። «ደግሞ ቁልፉን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ብቻዬን እንዳይመስልሽ!»

«እፍረት የሚባል አልፈጠረብሽም!» አለች የብርጓል። ተጨማሪ ስድብ ፈልጋ አጣች፤ እንባዋ ቀደማት። ክፍል ሳትገባ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

አባቷ የሚነዱት መኪና ስለሌላቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ቆማ፣ ሳትቀባባ፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። አቶ አስናቀ ፊታቸው ጠቆረ።

«ዓይኔን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሰኞ የካምቢዮውን ድምፅ ሰምቼ አውቄ ነበር! ሰው እንደነካው አውቄ ነበር! ግን ልጄ አትዋሽም ብዬ...» ከተቀመጡበት ተነሥተው ተንጎራደዱ፤ የደጁን ባልዲ በእርግጫ አሉት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «በቃ። እንግዲህ ዝም በይ። የኃላፊ ልጅ ስም ጠርተን የት ልንኖር ነው? ቸልተኛ ነኝ ልበልና ይለፈን። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ» አለች። እንደ እሳት እየፈጃት ዋጠችው።

ቅዳሜ ስብሰባው ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ሆነ። ሠራተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቤተሰብ ከኋላ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሸዋዬ ግን ፊት ለፊት፣ ከእናቷ ጎን ወንበር ተሰጥቷታል። በሩ ጋ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል፤ ሌላ ጊዜ አይመጡም ነበር።

አቶ አስናቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «እኔ ጓድ አስናቀ፣ የሕዝብን ንብረት በቸልተኝነት...»

«ቆይ!» ጓድ አንዳርጋቸው ጠረጴዛውን መቱት። «ሃያ ዓመት የነዳ ሾፌር ቸልተኛ ነኝ ሲል ማን ያምነዋል? ዘሩ ለገበሬው እንዳይደርስ አውቀህ ነው የሰበርከው። አውቄ ነው በል!»

ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አቶ አስናቀ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አሽከረከሩ። ዞር ብለው ልጃቸውን ፈለጉና፣ ሲያገኟት፣ አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁባት።

የብርጓል ተነሣች።

«እኔም ግለ ሂስ አለኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። «አንቺ ሠራተኛ አይደለሽም፤ ተቀመጪ!» አሉ ጓድ አንዳርጋቸው።

«ቁልፉን ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማርሹ ሲፈጭ መኪናው ውስጥ ነበርሁ። አባቴ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። አባቴ ምንም አላጠፋም!» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

«የብርጓል!» አሉ አባቷ።

ጓድ አንዳርጋቸው ወደ ፊት አዘነበሉ። ሌላ አሻጥረኛ ያገኙ መስሏቸው ዓይናቸው በራ። «ለማን ነው የሰጠሽው? ተናገሪ! ስሙን ጥሪ!»

የብርጓል እሳቸውን አላየቻቸውም። ሸዋዬን ነው ያየችው። ሸዋዬ በቀሚሷ ጫፍ ጣቷን እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች።

«ሸዋዬ፣ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

የሰዉ ራስ ሁሉ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረ። የሸዋዬ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጓድ አንዳርጋቸው ልጃቸውን አዩ፤ ሠራተኛውን አዩ፤ እንደገና ልጃቸውን አዩ።

«ተቀመጪ» አሉ ለየብርጓል፤ አሁን ድምፃቸው በጭንቅ ነው የተሰማው።

አባቷ አሁንም ቆመዋል። የብርጓልም አልተቀመጠችም።