የጥላዬ ፍም

በአዝመል ንጉሥ አዳራሽ ከጥንት ጀምሮ ጠፍቶ የማያውቅ ታላቅ እሳት ነበረ። አንድ ረፋድ ላይ የዚያ እሳት ጭስ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ፈሰሰ፤ በድንጋዩ ደረጃ ወርዶ፣ በዘበኞቹ እግር መሃል ሾልኮ፣ ከቤተ መንግሥቱ በር ወጣ። ሕዝቡ «ጉድ! ጉድ!» እያለ ተከተለው። ጭሱ ብዙ ደጃፍ አልፎ በመጨረሻ አንዲት ጎጆ በር ላይ ሄዶ ተኛ። ጎጆዋ የአንጓች ነበረች። አንጓች ባሏ በድንበር ጦርነት የሞተባት፣ አንድ ልጇ ጥላዬ ደግሞ በደረት ደዌ ተይዞ የሚማቅቅባት ወጣት እናት ነች።

በአዝመል ሰው ሲወለድ ከቤቱ ምድጃ አንድ ፍም ይወጣለታል። ያችን ፍም ክዳን ባላት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ከቶ ዕድሜውን ሙሉ ይዟት ይዞራል። ሲታመም ትደበዝዛለች፤ ስትጠፋ ይሞታል። የታመመ ልጅ ፍም ደግሞ ለሰው ማሳየት አይገባም፤ ባዕድ ካየው ይሰርቀዋል፣ ከራሱ ፍም ይቀላቅለዋል ይባላል። አንጓች ይህን ልማድ ከማንም በላይ አጥብቃ ያዘች። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ከደጅ ትመልሳለች። አማቷን እማማ ደብሪቱን እንኳ ልጁን ሊያጎርሱ ሲሞክሩ ማንኪያውን ከእጃቸው ነጥቃ አባርራቸዋለች። አሮጊቷ እያለቀሱ ሄዱ፤ እሷ ግን በሩን ቀርቅራ የማሰሮውን ክዳን ድፍን አድርጋ ዘጋች።

የንጉሡ ራእይ ተመልካች ጭሱን ተከትሎ ደረሰና በትሩን አነሣ።

«አንጓች ሆይ፣ ስሚ! በራስ ጉም ተራራ በዘንዶው በግርማል ሆድ ያለው ጥንተ እሳት ካልደረሰለት ይህ ልጅ ክረምቱን አያይም። ደግሞም ተጠንቀቂ! ፍሙን የሚያጠፋው እጅ ከማሰሮው አጠገብ ነው።»

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ለዚህች ሴት ይነገራል? ድሮውንም ጥላዋን የምትጠረጥር ናት! ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ማሰሮው የተዘረጋ እጅ ሁሉ የሌባ እጅ ሆኖ ታያት።

ንጉሡ ሁለት አጃቢ ሰጣት። አንዱ አባ ነጎድ ነበሩ፤ ብዙ ጦር ሜዳ የዋሉ፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ልጁ የሚጫንባት በቅሎ ባለቤት ብርቄ ናት፤ መንገዱን ታውቃለች፣ ምላሷም አያርፍም። አባ ነጎድ በንጉሡ ፊት ጦራቸውን ተክለው ማሉ።

«በዚህ ጦር እምላለሁ! የዚህ ልጅ ፍም ከእኔ ፍም ቀድሞ አይጠፋም!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አንጓች ግን፣ «ማን ምን አላቸውና ነው እንዲህ የሚምሉት?» አለች በሆዷ።

መንገዱ የሰይጣን መንገድ ነበር። ጥላዬ ትንፋሹ ሲያፍነው ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ያኔ ከበቅሎዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ቀጥ አድርጋ ታቅፈዋለች፣ ጀርባውን ታሻለች፣ የአጃ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረገች ታጠጣዋለች። የጠጣውን ሲያስመልሰው አፉን ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ትታለች። ብርቄ «አምጪው፣ እኔ ልያዘው፤ አንቺ ጎንሽን አሳርፊ» ስትላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ተይኝ!»

«ልበላው ነው እንዴ? አጥንት ብቻ የሆነ ልጅ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች ብርቄ።

ጥላዬ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ሳል ይሆንና እናቱን ያስደነግጣታል። ደህና ሲሆን ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ዘንዶው ነው።

«አባባ፣ ዘንዶ ጉንፋን ይይዘዋል?»

«ይይዘዋል እንጂ! ተራራ የሚቃጠለው እኮ እሱ ሲያስነጥስ ነው» ይሉታል አባ ነጎድ።

አንጓች ይህንንም አልወደደችውም። ሽማግሌው ልጇን የሚያጫውቱት ለምንድን ነው? ፍሙ በየቀኑ እያነሰ ነበር። እሷም ባነሰ ቁጥር ክዳኑን ይበልጥ ታጠብቃለች፤ ከላዩ ጨርቅ ትጠመጥማለች፣ በጋቢዋ ሸፍና ከብብቷ ትሸጉጠዋለች። የገረማት ነገር፣ አመሻሹ ላይ ሞተ ያለችው ፍም ጠዋት ስታየው ትንሽ ደምቆ መገኘቱ ነው። አንድ ጠዋትም ክዳኑ ላይ በአመድ የታተመ የጣት አሻራ አየች። አሻራው የእሷ አልነበረም፤ የትልቅ የወንድ ጣት ነው።

አባ ነጎድን ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ሳትነቅል ተከታተለቻቸው። ሽማግሌው ከቀን ወደ ቀን ይደክማሉ፣ ያነክሳሉ፣ ወደ ኋላ ይቀራሉ። «ማስመሰል ነው» አለች። «የሰረቀ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ራስ ጉም ግርጌ ሲደርሱ ፀሐይ እየወጣች ነበር። አንጓች ማሰሮውን ራስጌዋ አስቀምጣ የተኛች መሰለች። ብዙም ሳይቆይ የእግር ኮቴ ሰማች። ዓይኗን ስትገልጥ አባ ነጎድ ተንበርክከው ክዳኑን ከፍተዋል፤ እጃቸው ማሰሮው ውስጥ ነው!

ተወርውራ ጩቤዋን ጉሮሯቸው ላይ አሳረፈች።

«ሌባ! የልጄን ነፍስ ስንት ጊዜ ሰረቅህ?»

አባ ነጎድ አልተቆጡም። ወገባቸው ላይ የታሰረችውን የራሳቸውን ማሰሮ ፈተው ሰጧት። አንጓች አየቻት። ከአመድ መሃል የአተር ፍሬ የምታህል ፍም ብቻ ቀርታለች።

«ሌሊት ድካም ሲጥልሽ ከእኔ እየቆረስኩ ነበር የምጨምርለት፣ ልጄ» አሉ። «አንድ ፍም ብቻውን ይሞታል። ምድጃ ያነደደ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከዚያ ደግሞ ክዳኑን ደፍነሽ ጨርቅ ጠመጠምሽበት። በየት በኩል ይተንፍስ?»

ብርቄ በቅሎዋን እየጫነች ነበር። ዞር ብላ፣ «እኔም አውቅ ነበር» አለች። «ብነግርሽ ኖሮ ታምኚኝ ነበር?»

አንጓች ጩቤውን ጣለች። ፍሙን የሚያጠፋው እጅ ከማሰሮው አጠገብ ነው። እጁ የእሷ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ከጎጆዋ ከወጣች ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። ጥላዬ በቀጭን እጁ ጸጉሯን እየዳበሰ፣ «እማ፣ በቃ፤ እኔ አለሁ እኮ» አላት።

እኩለ ቀን ላይ የግርማል ዋሻ ገቡ። የሚጋረፍ ወላፈን ጠብቀው ነበር፤ የተቀበላቸው ግን ብርድ ነው። ዘንዶው ክንፉን በላዩ ደራርቦ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ቅርፊቱ ላይ ውርጭ ተጋግሯል።

«ጉንፋን ይዞታል» አለ ጥላዬ በሹክሹክታ።

ዘንዶው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ድምፁ ዋሻውን አናወጠው።

«ጥንተ እሳትን ፈልጋችሁ ከሆነ ዘግይታችኋል። ሌባ ይመጣል ብዬ ክንፌን ከደንኩበት፤ ዘመን ከዘመን ሳልነቃነቅ ጠበቅኩት። ማንም አልሰረቀኝም። እዚያው ውስጤ እንዳለ ጠፋ። ሆዴ የከሰል ክምር ነው።» ከዚያ አፍንጫው ተነፋ። «ግን እሳት ይሸተኛል! ያንን ማሰሮ አምጪ!»

አንገቱን መዝዞ በአንጓች ላይ ተወረወረ። አባ ነጎድ ጦራቸውን አግድመው መሃል ገቡ፤ ጦሩ እንደ ጭራሮ ተሰበረ። ሽማግሌው ግን ወደ ኋላ አላሉም። ማሰሮአቸውን ከፍ አድርገው ያዙ።

«ግርማል! ከሰል የሚፈልገው አንድ ፍም ነው። የልጁን አትንካ፤ የእኔን ውሰድ!»

«አባ ነጎድ፣ አይሆንም!» ብላ ጮኸች አንጓች።

«ምዬ የለ እንዴ፣ ልጄ?» አሉና ሳቅ ብለው የመጨረሻዋን ፍም በዘንዶው ጉሮሮ ወረወሩ።

ከዚያ በዘንዶው ሆድ የተከመረው ከሰል ከውስጥ እየቀላ ተያያዘ፤ ውርጩ ከቅርፊቱ ላይ ቀለጠ፤ ክንፉ ተከፈተ። ግርማል አፉን ወደ ጣራው አንሥቶ ለዘመናት ያልወጣውን ነበልባል ለቀቀው።

ማሰሮውን እሳቱ አፍ ላይ ለመያዝ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። አንጓች ልጇን አቅፋለች። ወደ ብርቄ ዞረች።

«ያዢልኝ!»

ብርቄ በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል አልቀለደችም፤ ልጁን ተቀብላ ደረቷ ላይ ቀጥ አድርጋ አቀፈችው፤ እንዴት እንደሚያዝ ስታይ ነው የከረመችው። አንጓች ክዳኑን ወዲያ ጥላ፣ ማሰሮውን ከፍታ ወደ ነበልባሉ ሮጠች። እጇ ተላጠ። አልለቀቀችም። ደብዛዛው ፍም ቀላ፣ ጠቆረ፣ እንደገና ቀላ፤ ከዚያ ተያያዘ። ከኋላዋ ጥላዬ ረጅም ትንፋሽ ሲስብ ሰማች፤ ሲር ሲር የማይል ንጹሕ ትንፋሽ።

ዞር ስትል አባ ነጎድ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ልጁ ላይ ነው፤ ግን ከእንግዲህ አያዩም።

ግርማል ራሱ መቃብራቸውን በጥፍሩ ቆፈረ። አንጓችም የልጇን ማሰሮ ክዳን አንሥታ እላያቸው ላይ አኖረችው።

አዝመል ሲገቡ ንጉሡ ነጋሪት አስጎሰመ። ግን ልጁ አንዳንድ ሰው እንደሚያወራው ሙሉ በሙሉ ድኗል ማለት አይደለም። ብርድ ሲሆን ደረቱ አሁንም ያፍነዋል፤ ፍሙ ዕድሜውን ሙሉ ጠባቂ ይፈልጋል። አንጓች ይህን ታውቅ ነበር። ስለዚህ ጎጆዋ ሳትገባ በቀጥታ ወደ እማማ ደብሪቱ ቤት ሄደች። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን አንሥታ አንኳኳች።

አሮጊቷ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ። አንጓች ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ በድዬዎታለሁ። ልጁን ይያዙልኝ። እኔ ደክሞኛል፣ በጣም ደክሞኛል።»

እማማ ደብሪቱ ልጁን ሳም ሳም አድርገው አስገቡት፤ ከራሳቸው ማሰሮ ቅንጣት ፍም በጣታቸው ቆርሰው ክዳን በሌለው ማሰሮው ጨመሩለት። ጎረቤቱም አንድ በአንድ እየገባ ዙሪያውን ተቀመጠ።

«በይ ተኚ» አሏት።

ፀሐይ ገና ሰማይ መሃል ነበረች። አንጓች መደቡ ላይ ጋደም አለች፤ ጥላዬ ለአያቱ ስለ ዘንዶው ጉንፋን ሲያወራ እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት።