ድምፅ የማልሰጥበት ምክንያት

መጀመሪያ ያየሁት ጉንጩን ነው። የግራው አብጦ ዓይኑን ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። ተራው አርባ ነበር፤ የጥርስ ክሊኒካችን ተራ ጠሪ ማሽን ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝን ጠርቶ፣ ምንም ሳያፍር ወደ አርባ አንድ አለፈ።

ሰውዬው በትዕግሥት ጠበቀ። ሃምሳ ሲባል ግን ተነሥቶ ወደ መስኮቴ መጣ።

«እህቴ፣ አርባ ቁጥር ምን አጥፍቶ ነው?»

እንግዳ ተቀባይዋ እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ የማሽኑን ፕሮግራም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስደነግጥ ደግሞ አፌ ይቀድመኛል።

«ፕሮግራሙ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኮዱን ማንም ማየት ይችላል። ያልተመቸው ያስተካክለው!»

በደህናው ጉንጩ ፈገግ አለ። ጥርሱን ተነቅሎ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ስህተቴን በአንድ መስመር አቃንቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ቁጥር አርባ» ብሎ ፈርሟል። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም አርባ እያልን ጠራነው።

አርባ አሳንሰር ይጠግናል። ኮድ መጻፍ የተማረው የቆመ አሳንሰር ውስጥ ቁጭ ብሎ መለዋወጫ ሲጠብቅ ነው። ዐሥር ወር ሙሉ እሱ ማስተካከያ ሲልክ፣ እኔ ስመረምር፣ ስመልስበት፣ እሱ አርሞ ሲልክ፣ ሳናውቀው በየቀኑ ማውራት ለመድን። አንዳንዴም ክሊኒኩ ብቅ ይላል። ለጥርሱ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ያነቃኝ ሐኪሙ ነው፤ «ይሄ ሰው እኮ ጥርሱ ብረት ነው፣ ምን ልሁን ብሎ ይመላለሳል?» አለኝ።

ለፕሮግራማችን ማስተካከያ መላክ ለማንም ይፈቀዳል። ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ዋናው ኮድ ማስገባት የሚችለው ግን ሦስት ሰው ብቻ ነው፦ እኔ፣ ጠበቃዋ ታላቅ እህቴ እና ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህሬ። ይህን ፈቃድ «ቁልፍ» እንለዋለን። አዲስ ሰው ቁልፍ ለማግኘት ከሦስታችን የሁለታችን ድጋፍ ይበቃዋል።

አርባ ሊያመለክት ሲል አንድ ነገር አጫወተኝ።

«በየቀኑ ስንት ሕንፃ እገባለሁ መሰለሽ። ስገባ ዘበኛ ይከፍትልኛል፣ ስወጣ ዘበኛ ይፈትሸኛል። እስከ ዛሬ ‹እንካ፣ ይሄ ያንተ ቁልፍ ነው› ያለኝ ሰው የለም።»

«ታገኛለህ» ልለው ስል ደንቡ ትዝ አለኝ።

ደንቡን የጻፈችው እህቴ ስለሆነች ቀዳዳ የለውም። አንቀጽ ሰባት፦ ከአመልካቹ ጋር በሥጋ፣ በጋብቻ ወይም በፍቅር የተሳሰረ ባለ ቁልፍ ድምፅ አይሰጥም፤ ምክንያቱንም ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ ይጽፋል። ያኔ ስቄባት ነበር። በተራ ጠሪ ማሽን ማን ይዋደዳል?

የድምፁ ቀን ደረሰ። እህቴ «እደግፋለሁ» ብላ ጻፈች። መምህሬ፣ «ሥራው ጥሩ ነው። ቁልፍ የሚይዝ ሰው ግን እጁን መሰብሰብም ማወቅ አለበት፤ ያንን ገና አላየሁም። አስቤበት እመልሳለሁ» አሉ። እኔ «ድምፅ አልሰጥም» ብዬ ምክንያቱን ባዶ ተውኩት። ማን ያስተውለዋል ብዬ ነው።

አርባ አስተዋለው። በምሳ ሰዓት መስኮቴ ጋ ቆመ። ጉንጩ ደህና ነው፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል።

«ዐሥር ወር ሥራዬን ስታዪ የኖርሽው አንቺ ነሽ። ሌሎቹ ቢጠራጠሩ አይገርመኝም። አንቺ አታምኚኝም?»

«እሱ አይደለም…»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ወረፋ የያዙት ሁሉ የጥርሳቸውን ሕመም ረስተው ጆሯቸውን ጣሉብን።

«ተራህን ጠብቅ!» አልኩት። ከዚህ አፍ የወጣው ይሄ ነው። ዞሮ በበሩ ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ እህቴ ደወለች።

«ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ነው።»

«እትዬ፣ በእናታችን ተይኝ።»

«አልተውሽም። ወይ ደግፊው፣ ወይ ምክንያቱን ጻፊ። ከደገፍሽው ግን አንቀጽ ሰባት አይመለከተኝም ማለትሽ ነው።»

መደገፉ ቀላል ነበር። በአንድ ቃሌ ሁለት ድምፅ ሞልቶለት ቁልፉ እጁ ይገባል። ግን በዚያው ቃል እንደማልወደው መፈረሜ ነው፤ እሱም በሕይወቱ የመጀመሪያውን ቁልፍ በውሸት ሊያገኝ ነው። ጣቴ እምቢ አለኝ።

«ምክንያት፦ እወደዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። «በሥራው ላይ የእኔን ፍርድ አትመኑ። ምንም ቢጽፍ ደስ ይለኛል።»

ገጹን የሚከታተሉት ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛዬ ሥር ብገባ ደስ ባለኝ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ማሽኑ ይጠራል፣ እኔ አልሰማም። ከዚያ የአርባ ጽሑፍ ወጣ፦ «ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ። ምክንያት፦ እኔም እወዳታለሁ። እሷ በእኔ የተነሣ ከምትታማ ቁልፉ ይቅርብኝ።»

እህቴ ወዲያው፣ «እንግዲህ ዘመድ ልንሆን ነው፤ እኔም ድምፄን…» ብላ ጀመረች። መምህሬ ግን አላስጨረሷትም።

«የእህቷ ድምፅ የተሰጠው ነገሩ ከመታወቁ በፊት ስለሆነ ይጸናል። ልጁም እጁን ሲሰበስብ አየሁ፤ ስጠብቅ የነበረው ይህንኑ ነው። ማመልከቻው መነሣቱን አልቀበልም። እደግፋለሁ። ሁለታችሁም ስትጽፉ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ አለመርሳታችሁን አይቻለሁ፤ ጎሽ።»

በነጋታው አርባ መጣ። ወደ መስኮቴ አልቀረበም፤ እንደ ማንም ሰው ከማሽኑ ቁጥር ቆርጦ ወረፋው መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ ሃያ ሦስትን ሊጠራ ሲል ድምፁን ዘጋሁት።

«ቁጥር አርባ!» ብዬ በራሴ አፍ ጠራሁ።

ተነሥቶ መጣ።

«ቁልፍ ይዘህ ምን ያስቀምጥሃል?» አልኩት።

«ተራህን ጠብቅ ብለሽኝ የለ? እየጠበቅሁ ነው።»

እጄን በመስኮቱ አሾልኬ ሰጠሁት። ያዘኝ፤ አልለቀቀኝም፤ እኔም ልቀቀኝ አላልኩም። ከኋላው ጉንጫቸውን በሻሽ ያሰሩ አንዲት እናት ወረቀታቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጆቼ፣ እሰየው፣ አብራችሁ አርጁ። ሃያ ሦስት ግን እኔ ነኝ።»